ከላይ ቤት የሚንጠባጠብ ውሃ የቤት ዋጋ ይበላል
የሰንጋ ተራ የፎቅ ቤት ገዢ፣ ሻጭና አከራይ ስለ ሻወር ቤት ሊያውቁት የሚገባ

ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው ሰንጋ ይሸጥበት ከነበረው ገበያ ነው። የሰንጋ ገዢ ጥርሱን ሳያይ፣ ሻኛውን ሳይዳብስ፣ አስኪዶ ሳይመለከት ገንዘብ አይቆጥርም። ዛሬ በዚያው ሠፈር የንብ፣ የሕብረትና የዘመን ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች ቆመዋል። በዙሪያቸውም የመኖሪያ ፎቆች በዝተዋል፤ ገበያውም የቤት ገበያ ሆኗል። ይሁንና የዛሬው የቤት ገዢ የሰንጋ ገዢን ያህል ጠንቃቃ አይደለም። ሳሎኑን ይለካል፣ በረንዳው ላይ ወጥቶ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ያማትራል፣ የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን ከፍቶ ይዘጋል። ሻወር ቤቱን ግን በበሩ ብቅ ብሎ ካየ በኋላ ሴራሚኩ ካማረለት ያልፈዋል። ኋላ ብዙ ወጪ የሚያስወጣው ያችው ያለፋት ጠባብ ክፍል ናት።

ጉዳዩ በአሁኑ ወቅት ትኩረት የሚሻበት ምክንያት አለ። የ40/60 የቤት ልማት መርሐ ግብር ምዝገባ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሰንጋ ተራና በክራውን ሳይቶች የተገነቡት 1,292 ቤቶች ለዕድለኞች የወጡት በ2009 ዓ.ም. ነበር። በመሆኑም እነዚህ ቤቶች ስምንት ዓመት አልፏቸዋል። በሻወር ቤት ማዕዘን የሚቀባው ሲሊኮን፣ ቧንቧን ከእጅ መታጠቢያ ጋር የሚያገናኘው ተጣጣፊ ቱቦና በመጋጠሚያዎች ውስጥ ያለው ጎማ የሚያረጁት በዚህ ዕድሜ ነው። ቤቱ ገና አዲስ ቢመስልም ማሸጊያው አርጅቷል ማለት ነው።

ምልክቱ የሚታየው በሌላው ቤት ነው

የሻወር ቤት ፍሳሽ ከሌላው የቤት ጉድለት የሚለየው አንድ ነገር አለ። ጣሪያ ቢያፈስ ባለቤቱ ራሱ ያየዋል፣ በር ቢሰነጠቅም እንዲሁ። የሻወር ቤት ወለል ሲያፈስ ግን ምልክቱ የሚወጣው በታችኛው ቤት ኮርኒስ ላይ ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቤት የሚገዛ ሰው በዚያው ቤት ውስጥ ቢመላለስ ምንም አያይም። አራተኛ ፎቅ ወርዶ የጎረቤቱን በር ቢያንኳኳ ግን፣ ቢጫ ክብ ነጠብጣብ፣ የተላጠ ቀለም ወይም የጠቆረ የሻጋታ ምልክት ሊያገኝ ይችላል።

ይህ በድርድር ጊዜ ክብደት አለው። ምልክቱን ቀድሞ ያየ ገዢ ከዋጋው ላይ ያስቀንሳል፤ ያላየው ገዢ ደግሞ ቤቱን ከነክሱ ይገዛል። ለሻጭም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ቀደም ብሎ በግማሽ ቀን ሥራ ሊታሸግ የሚችል ክፍተት ሲቆይ ሴራሚክ ማፍረስን፣ ወለሉን እንደ አዲስ ማሸግን፣ የታችኛውን ቤት ኮርኒስ መጠገንና ቀለም መቀባትን ያስከትላል። ውሃው ለብዙ ዓመት ከቆየም ወደ ኮንክሪቱ ዘልቆ ፌሮውን ያዝገዋል። የዛገ ብረት ያብጣል፤ ሲያብጥም ኮንክሪቱን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ያን ጊዜ ነገሩ የሻወር ቤት መሆኑ ቀርቶ የሕንፃ ጉዳይ ይሆናል።

ለአከራይ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የኪራይ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ስለሆነም የዘገየ ጥገና ወጪን በሚቀጥለው ወር ኪራይ ላይ ጭኖ መመለስ አይቻልም። ወጪው ከአከራዩ ኪስ ወጥቶ ይቀራል።

ሦስት ዓይነት ፍሳሽ

ከላይ ውሃ ሲንጠባጠብ በብዛት የሚደረገው የቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ ወለሉን ማስቆፈር ነው። ምንጩ ሳይታወቅ መቆፈር ግን ገንዘብ ማባከን ነው። የሻወር ቤት ፍሳሽ ምንጩ ከሦስቱ አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ግፊት ያለበት የንጹሕ ውሃ ቧንቧ ነው። ይህ ቤቱ ውስጥ ሰው ቢኖርም ባይኖርም፣ ሌሊትም ቀንም ሳያቋርጥ ይንጠባጠባል። ሁለተኛው የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ነው። ይህ የሚያፈሰው ውሃ በተለቀቀ ቁጥር ሲሆን፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ታች ይደርሳል፤ ሽታም አለው። ሦስተኛው የወለሉ ወይም የግድግዳው ማሸጊያ ነው። ይህኛው የሚያፈሰው ሰው ሲታጠብ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ መታጠቡ ካበቃ በኋላም ለሰዓታት ይቀጥላል።

ሦስቱን ለመለየት ምንም መቆፈር አያስፈልግም። በመጀመሪያ ቧንቧዎች ሁሉ ይዘጉና የውሃ ቆጣሪው ይታያል፤ ማንም ሳይጠቀም ከዞረ የንጹሕ ውሃው ቧንቧ ያፈስሳል። ቤቱ ከሮቶ የሚጠቀም ከሆነ ግን ቆጣሪው አይበቃም፤ ወደ ሮቶው የሚገባውን ውሃ ዘግቶ፣ የውሃውን ከፍታ በምልክት አስቀምጦ በማግስቱ ማየት ይገባል። ቀጥሎ ወለሉን ሳያረጥቡ በመውረጃው ቀዳዳ ብቻ አንድ ባልዲ ውሃ ይለቀቃል፤ ታች ከታየ ጥፋቱ የመውረጃው ነው። በመጨረሻም መውረጃው በጨርቅና በፕላስቲክ ተደፍኖ ወለሉ ላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይተኛበትና 24 ሰዓት ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ ታች እርጥበት ከወጣ ጥፋቱ የወለሉ ማሸጊያ ነው። ወለሉ ይህንን ፈተና ካለፈ በእጅ ሻወር ግድግዳውን ብቻ ከታች ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ እየረጩ ማየት ይቀራል።

ውሃውን ከማስተኛት በፊት ለታችኛው ጎረቤት ማስታወቅ የግድ ነው። የውሃው ከፍታም ከበሩ ደፍ ማለፍ የለበትም። 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 30 ኪሎ ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ መጨመር ለፈተናው የሚጠቅመው ነገር የለም።

የሽንት ቤቱ የውሃ ሣጥን ደግሞ ለብቻው ይፈተሻል። በሣጥኑ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ሳይለቁ መቆየት ነው። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ጎማው አልቋል። ትንሽ የሚመስል ጠብታ ሲጠራቀም ትንሽ አይደለም። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ በቀን 86,400 ጠብታ ነው፤ ሃያው ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ቢሆን እንኳ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በወር ወደ 130 ሊትር ይሆናል።

ሲሊኮን የሚያድነውና የማያድነው

በገበያው የተለመደው መድኃኒት ሲሊኮን ነው። ሻጩ ቤቱን ለደላላ ከማሳየቱ በፊት ማዕዘኑን ሁሉ በሲሊኮን ያስቀባል፤ ነጭ ሆኖ ያምራል። ነገር ግን ሲሊኮን የሚያሽገው የላይኛውን ስንጥቅ ብቻ ነው። በሴራሚክ መካከል የሚሞላው ነጭ ሲሚንቶ ውሃን ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ ጥቂት ጥቂቱን ወደ ታች ያሳልፋል። ያንን የሚመክተው ከሴራሚኩ ሥር፣ በወለሉ ላይ የሚቀባው ወይም የሚነጠፈው የውሃ መከላከያ ነው። ይህ መከላከያ በወለሉ ዙሪያ ግድግዳው ላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ሰው በሚታጠብበት ጥግ ደግሞ እስከ ሁለት ሜትር ገደማ መውጣት ይኖርበታል። መጀመሪያውኑ ካልተሠራ ወይም ከተቀደደ ከላይ የሚቀባ ሲሊኮን ጊዜ ይገዛ እንደሆነ እንጂ አያድንም።

የወለሉ ተዳፋትም ከማሸጊያው እኩል መታየት አለበት። ወለሉ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ማዘንበል ይገባዋል። ውሃ የሚተኛበት ወለል ማሸጊያው ጥሩ ቢሆንም ዕድሜው አጭር ነው። ገዢው አንድ ኩባያ ውሃ ወለሉ ላይ አፍስሶ ወዴት እንደሚሄድ ቢያይ ተዳፋቱን በደቂቃ ይረዳል።

ማዕዘኑ ለምን በሲሚንቶ ሳይሆን በሲሊኮን እንደሚታሸግ የሚያስረዳ ጥሩ ምሳሌ ከባሕር ማዶ አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ ከመኪና ኋላ የሚጎተቱ የጉዞ ቤቶች በውስጣቸው ሻወርና ሽንት ቤት አላቸው። ቤቱ በመንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ስለሚውል ሴራሚክና ሲሚንቶ አይችለውም። ስለዚህ የሻወሩ ወለል አንድ ወጥ ፕላስቲክ ወይም ፋይበር ግላስ ይደረጋል፤ መጋጠሚያው ሁሉ በሚለጠጥ ማሸጊያ ይያዛል፤ ባለቤቱም በየጊዜው ይፈትሸዋል። የፎቅ ቤት አይጎተትም፤ ነገር ግን ግድግዳውና ወለሉ በሙቀት፣ በክብደትና በሕንፃው መርጋት ምክንያት በጥቂቱም ቢሆን ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ሁለት ነገር በሚጋጠምበት ማዕዘን ደረቅ ሲሚንቶ የሚሰነጠቀው በዚህ የተነሣ ነው።

ሲሊኮኑን መቀባት ቀላል ቢመስልም በብዛት የሚበላሸው በችኮላ ነው። አዲስ ሲሊኮን በአሮጌ ሲሊኮን ላይ አይጣበቅም፤ አሮጌው በምላጭ ተፍቆ መውጣት አለበት። ከዚያም ቦታው ከሳሙናና ከሻጋታ ጸድቶ፣ በደንብ መድረቅ ይኖርበታል፤ ለዚህም ሻወሩን አንድ ቀን አለመጠቀም ይበጃል። ሲሊኮን በ24 ሰዓት ውስጥ የሚደርቀው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ወፍራም መስመር የተቀባበት ሻወር ቤት በማግስቱ ጠዋት ውሃ ሊፈስበት አይገባም። የፕላስቲክ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ያለው ሰው ገንዳውን በውሃ ሞልቶ ቢያሽግና እስኪደርቅ ሳይለቀው ቢቆይ ይመረጣል፤ ባዶውን የታሸገ ገንዳ ሰው ሲገባበት ወርዶ ማሸጊያውን ይለያየዋል።

ውሃ በፈረቃ ሲመጣ

አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ የሚያገኙ ሠፈሮች ያሉባት ከተማ ናት፤ ይህም ለቧንቧ የራሱ ጣጣ አለው። ውሃ ሲቋረጥ በቧንቧው ውስጥ አየር ይሞላል። ውሃው ሲመለስ አየሩን እየገፋ ይመጣና መጋጠሚያዎችን ይመታል፤ ቧንቧው ሲንኳኳ የሚሰማውም ለዚህ ነው። ያረጀ መጋጠሚያ የሚለቀው በዚህ ሰዓት ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ውሃ በሌለበት ሰዓት የተከፈተና ሳይዘጋ የተረሳ ቧንቧ ነው። ባለቤቱ ሥራ ላይ እያለ ውሃው ይመጣል፤ የታችኛው ቤት ሶፋም ይረጥባል። በመሆኑም ከቤት ሲወጡ ዋናውን መዝጊያ መዝጋት ለፎቅ ነዋሪ ልማድ ሊሆን ይገባል። ገዢም መዝጊያው የት እንዳለና የሚዘጋ መሆኑን አዙሮ ማየት አለበት፤ ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ አንዳንድ ጊዜ አልዞር ይላል።

የፎቁ ከፍታም የራሱ ሚና አለው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይሰጣል። ውሃው ከጣሪያ ላይ ሮቶ የሚወርድ ከሆነ፣ የፎቁ ከፍታ 3 ሜትር ቢባል፣ ከአሥራ ሁለት ፎቅ በታች ያለው ቤት ወደ 3.6 ባር ሲያገኝ ከሮቶው ሥር ያለው 0.3 ባር ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ የላይኛው ቤት ደካማ ሻወር ይገጥመዋል፤ ብዙ ጊዜም ፓምፕ ይገጠምለታል። የታችኛው ቤት ደግሞ ተጣጣፊ ቱቦዎቹ ይጨነቃሉ። እነዚህን ቱቦዎች ሳይፈነዱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር ርካሽ መድን ነው። ፓምፕ የተገጠመለት ቤት የሚገዛ ሰውም ፓምፑ እየሠራ መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት እየነካ ማየት ይኖርበታል፤ ዓይን ያላየውን እርጥበት ሶፍቱ ያሳያል።

ባዶ ቤት ይዞ ዋጋ የሚጠብቅ ባለ ሀብት የሚረሳው ነገርም አለ። በየመውረጃው ሥር ያለው ሲፎን ሽታ የሚያግደው በውስጡ በሚቀረው ውሃ ነው። ቤቱ ለወራት ሲዘጋ ይህ ውሃ ይተንናል፤ የፍሳሹ ሽታና በረሮ ወደ ቤቱ ይገባል። ገዢ ቤቱን ሊያይ ሲመጣ የሚቀበለው ሽታ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ በየመውረጃው አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ይበቃዋል።

የቦይለሩ ጠብታ

ከቦይለር ሥር የምትንጠባጠብ ውሃ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለችም። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ ወደ 1.2 ሊትር ያህል ይጨምራል። የተጨመረው የሚወጣበት መንገድ ካጣ የደኅንነት ቫልቩ ያስወጣዋል። ይህን ጠብታ ብልሽት መስሎት ቫልቩን የሚደፍን ሰው ቦይለሩን ለፍንዳታ ያጋልጠዋል። ትክክለኛው ሥራ ከቫልቩ ቀጭን ቱቦ አውርዶ ከመውረጃው ጋር ማገናኘት ነው፤ ያለዚያ ጠብታው ግድግዳውን እያረጠበ ይኖራል። በተጨማሪም ባለ 80 ሊትር ቦይለር ሲሞላ ውሃው ብቻ 80 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ እንደ አግሮስቶን ባለ ቀጭን ማካፈያ ላይ ሊሰቀል አይገባውም።

ወጪው የማን ነው?

ጎረቤታሞችን ከሚያጣሉ ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እያንዳንዱን ቤት ከጋራ መጠቀሚያው ይለያል። በአጠቃላይ አነጋገር የቤቱን የውስጥ ክፍል ጥገና የሚሸከመው ባለቤቱ ሲሆን፣ የጋራ የሆነውን የሚጠግነው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። የአምስተኛው ፎቅ ሻወር ወለል የአምስተኛው ፎቅ ባለቤት ነው፤ ከላይ እስከ ታች የሁሉንም ቤት ቆሻሻ ውሃ የሚያወርደው ቋሚ ቧንቧ ግን የጋራ ነው። ድንበሩ በትክክል የት ላይ እንደሆነ የሚወስኑት የሕንፃው መግለጫና የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ስለሆኑ፣ ገዢ ከመፈረሙ በፊት ሁለቱንም ጠይቆ ማንበብ አለበት።

በታችኛው ቤት ላይ የደረሰ ጉዳትን በተመለከተም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ እንዲክስ ያዛል። ፍሳሹ በጽሑፍ ከተነገረው በኋላ ዝም ያለ የላይኛው ቤት ባለቤት ጥፋት የለብኝም ለማለት ይቸግረዋል። በመሆኑም የታችኛው ጎረቤት ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ለባለቤቱም ለማኅበሩም ደብዳቤ ማስገባት ይገባዋል። ተከራይም እንደዚሁ ለአከራዩ በጽሑፍ ቢያሳውቅ ኋላ ጥፋቱ በእሱ ላይ አይደፈደፍም።

ዕቃውን ሲገዙ

የሕንፃ መሣሪያ ከሰንጋ ተራ ሩቅ አይደለም፤ የተክለ ሃይማኖት መደብሮች ቅርብ ናቸው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ብር ከዶላር አንጻር ብዙ ስለወረደ ከውጭ የሚገባ መጋጠሚያና ማሸጊያ በብር ሲተመን ውድ ሆኗል። ይህም ብዙዎችን ወደ ርካሹ ዕቃ ይገፋል። ሲሊኮን ግን ጊዜው የሚያልፍበት ዕቃ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት ቱቦ በትክክል አይደርቅም። ስለዚህ ቀኑ ይነበባል። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ለሴራሚክና ለመስታወት ይሆናል፤ ለእብነ በረድ፣ ለሲሚንቶና ለብረት ግን ሽታ የሌለው ገለልተኛ የሚባለው ይሻላል። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ቱቦ 6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላለው መስመር ወደ 8 ሜትር ይዘልቃል። ለአንድ ሻወር ቤት አምስት ቱቦ አስገዝቶ አንዱን የሚቀባ ሠራተኛ ካለ ባለቤቱ ሒሳቡን በዚህ ያወዳድር።

የወለሉ የውሃ መከላከያ እንደ አዲስ የሚሠራ ከሆነ ክፍያውን በሁለት መክፈል ይመከራል። ሁለተኛው ክፍያ የሚለቀቀው መከላከያው ደርቆ፣ ሴራሚክ ሳይነጠፍበት፣ የ24 ሰዓቱ የውሃ ፈተና ካለፈ በኋላ ነው። ሴራሚኩ አንዴ ከተነጠፈ በኋላ ከሥሩ ምን እንደተሠራ የሚያረጋግጥ የለም።

ለገዢና ለደላላ

ቤት ለማየት የሚሄድ ገዢ ውሃ በሚመጣበት ሰዓት ቢሄድ ይበጀዋል። ሻወሩን ለአሥር ደቂቃ ከፍቶ ይተወው፣ በእጅ መታጠቢያው ሥር እጁን ሰድዶ ይዳብስ፣ አዲስ የተቀባ ሲሊኮን ካየ መቼና ለምን እንደተቀባ ይጠይቅ፣ ከዚያም አንድ ፎቅ ወርዶ የጎረቤቱን ኮርኒስ ይመልከት። ጥርጣሬ ካለው የ24 ሰዓቱ ፈተና ከቀብድ በፊት እንዲደረግ ይጠይቅ፤ ቤቱን የሚያምን ሻጭ አይከለክለውም። ጉድለት ከተገኘም ውሉ ላይ ማን በማን ወጪ እስከ መቼ እንደሚጠግነው ይጻፍ። ደላላም ቢሆን ፍሳሹን ደብቆ ከሚያሻሽጥ ገልጦ ቢያስማማ ይጠቅመዋል፤ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ የታችኛው ቤት ኮርኒስ ሲረጥብ በመጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው።